በዳዋ ወንዝ ዳር ስለ ዓሣ ማጥመጃ ማጠንጠኛ

ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ ወደ አሬሮ የሚሄድ መንገደኛ በቀይ አፈርና በግራር መካከል ብዙ ሰዓት ሲጓዝ ከቈየ በኋላ፤ መንገዱ ቁልቁል ይዞት ይወርድና ከዳዋ ወንዝ ያደርሰዋል። የሊበንን ምድር ከአሬሮ ምድር የሚለየው ይኸው ወንዝ ነው። መሻገሪያው መልካ ጉባ ይባላል፤ መልካ ማለት በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ስለ ሆነ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። እስከዚያ ድረስ ዐይን የሚያየው ደረቅ ቍጥቋጦና የምስጥ ኵይሳ ብቻ ሲሆን፤ በወንዙ ግራና ቀኝ ግን ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን ጥለው፤ ወፎች ጎጇቸውን ከቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥለው፤ ግመልና ከብትም ውኃ ሊጠጣ ወርዶ ይታያል።

ዳዋ የሚነሣው ከጉጂ ደጋ ነው። በአዶላ የወርቅ አገር የሚያልፉት አዋታና ሞርሞራ ገባሮቹ ናቸው። ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ረጅም መንገድ ተጕዞ በዶሎ ከገናሌ ጋራ ሲገናኝ ስሙን ለውጦ ጁባ ይባልና ወደ ሶማልያ ይወርዳል። ክቡራን አንባቢዎቻችን ስለዚህ ወንዝ ስንጽፍ የሚጠብቁት ስለ ከብትና ስለ ግጦሽ እንድንናገር ይሆናል። እኛ ግን በጥር ወር ወደ መልካ ጉባ የወረድነው ከጓዛችን መካከል አራት ዓይነት የዓሣ ማጥመጃ ማጠንጠኛ ይዘን ነበርና በዛሬው ጽሑፋችን የምናወራው ስለዚሁ ነው። ዛሬ በከተማ ሱቅ ዘንግ ገዝቶ ልጆቹን ይዞ ወደ ሐይቅና ወደ ወንዝ የሚወጣ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ዳሩ ግን ማጠንጠኛውን የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ በብልጭታውና በዋጋው ነው። ይህም ነገር ክርንና ዓሣን ብቻ ሳይሆን ከዚህ በታች እንደምንገልጸው እግርን እስከማሳጣት የሚያደርስ መሆኑን በዳዋ ዳር በዐይናችን አየን።

ማጠንጠኛ የምንለው ከዘንጉ እጀታ አጠገብ የሚታሰረውን፤ ክሩን የሚጠቀልለውንና የሚፈታውን መሣሪያ ነው። ሥራው ሦስት ነው። ክሩን አከማችቶ ይይዛል፤ መንጠቆው ሲወረወር ሳይከለክል ይፈታል፤ ዓሣው ሲጐትት ደግሞ በልክ ይለቅቃል፤ በልክም ይይዛል። የፊተኞቹን ሁለቱን ሥራዎች ርካሹም ውዱም ይሠራቸዋል። መልካሙ ከክፉው የሚለየው በሦስተኛው ነው።

መሣሪያው ጥንታዊ ነው። በ1195 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ማ ዩዋን የተባለ የቻይና ሠዓሊ በሣለው ሥዕል ላይ በክረምት ሐይቅ ላይ በጀልባ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ ማጠንጠኛ ያለው ዘንግ ይዞ ይታያል። በእንግሊዝ አገር ስለዚሁ መሣሪያ የጻፈው ቶማስ ባርከር መጽሐፉን ያሳተመው በ1651 ነው። ከዚያ ወዲያ የታሰቡት ማሻሻያዎች ግን ከዓሣ አጥማጆች ዘንድ ብቻ የመጡ አይደሉም፤ ይህም ነገር እኛን እጅግ ያስደንቀናል። በኖቲንግሃም ከተማ የተሠራው የእንጨት ማጠንጠኛ የዳንቴል ክር ከሚጠቀለልበት እንጨት የተቀዳ ነው። መዘውሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ከበሮውን ብዙ ጊዜ የሚያዞረውን ባለ ጥርስ ማጠንጠኛ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ በኬንታኪ የሠራው ጆርጅ ስናይደር ሙያው ሰዓት ሠሪነት ነበር። ዛሬ በየሱቁ የምናየውን ዓይነት ያወጣውና በ1905 በስሙ ያስመዘገበው አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝም በብራድፎርድ የሱፍ ፈትል ፋብሪካ ያለው ሰው ነበረ።

ይህ የመጨረሻው ለአገራችን እመቤቶች ከማንም ይልቅ ግልጽ ይሆናል። ክርን ከተጠቀለለበት ነገር ላይ ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተጠቀለለበትን ነገር እያዞሩ መፍታት ነው። ሁለተኛው ግን እንዝርቱን ዝም ብሎ አቁሞ ክሩን በጫፉ በኩል መሳብ ነው፤ እንዝርቱ ሳይዞር ክሩ ዙሩን እየጣለ ይወጣል። ፈትል የምታውቅ ባልቴት ሁሉ ይህን ታውቀዋለች። ኢሊንግዎርዝም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ከበሮውን እንደ እንዝርት ጫፉን ወደ ፊት አድርጎ አቆመውና፤ ክሩ ሲወረወር ከበሮው ሳይዞር በጫፉ በኩል እንዲወጣ፤ ሲመለስ ደግሞ በዙሪያው የምትሽከረከር የሽቦ ቅስት እንድትጠቀልለው አደረገ። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ ይህን ዓይነት ቋሚ ከበሮ፤ የሰዓት ሠሪውን ዓይነት ደግሞ ዘዋሪ ከበሮ እንለዋለን።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በዘዋሪው ከበሮ ክሩ የሚወጣው ከበሮው ራሱ ሲዞር ነው፤ ስለዚህ የሚወረወረው ነገር ከበሮውን ለማስነሣት የሚበቃ ክብደት ሊኖረው ያስፈልጋል፤ 30 ግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን እጅግ መልካም ነው። ደግሞም አንድ ጊዜ መዞር የጀመረው ከበሮ እርሳሱ ውኃ ላይ ባረፈ ጊዜ አብሮ አይቆምም። አጥማጁ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ ካላቆመው በቀር ክሩ እየተፈታ በላዩ ይከመርና ውሉ የጠፋ ልቃቂት ይሆናል። ቋሚው ከበሮ ግን የሚዞር ነገር የለውምና 10 ግራም የሆነችውን ትንሽ ማንኪያ መሳይ ብረት እንኳ ጀማሪው ሰው ያለ ችግር ይወረውርበታል። በኀይል በኩል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዘዋሪው ክሩን በቀጥታ ስለሚስብ ለከባድ ዓሣ የጸና ነው፤ ቋሚው ክሩን በቅስቱ ላይ አጥፎ ስለሚያመጣ ጉልበቱ ያንሳል።

ከእኛ ጋራ የተጓዙት አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባችንና የእኅታቸው ልጅ የሆነ የ14 ዓመት ብላቴና ነበሩ። ብላቴናው ከአዲስ አበባ ሲነሣ አጎቱ የገዙለት ዘዋሪ ከበሮ ነበረ፤ ወርቅማ ቀለም ያለው፤ ሲያዩት የሚያስጐመጅ መሣሪያ ነው። ከዳዋ ዳር ደርሶ ሲወረውር ግን በመጀመሪያው ሰዓት ከውኃው ያገኘው አንዳች ነገር አልነበረም፤ ጊዜውን ሁሉ የጨረሰው ክሩን ሲፈታታ ነው። ምክንያቱም በጥር ወር ዳዋ ስስ ነው፤ ትንሽና ቀላል ነገር እንጂ ከባድ እርሳስ የሚጥሉበት ውኃ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ወንዙ ጠባይ ጥቂት መናገር ይገባናል። በቦረና ዝናም በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ትልቁ ገና የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፤ ትንሹ ሐገያ የሚባለው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። በእነዚህ ጊዜያት ዳዋ ከደጋው አፈር ተሸክሞ እንደ ቡና አተላ ጠቍሮ ይወርዳል፤ ግንድም ይዞ ያልፋል። ያን ጊዜ ዓሣው የሚያገኘው በሽታና በዳሰሳ እንጂ በዐይኑ አይደለምና አብረቅራቂ ብረት መወርወር ከንቱ ድካም ነው፤ ትል ወይም የሥጋ ቍራጭ በከባድ እርሳስ ከዳር ገደሉ ሥር ማስቀመጥ ይሻላል። በበጋው ግን ወንዙ ይቀንስና በአሸዋና በድንጋይ መካከል እዚህም እዚያም ጥልቅ ኵሬ ሆኖ ይቀራል፤ ውኃውም ጥቂት ይጠራል። ስለዚህ በአንዱ ወንዝ ሁለት ዓይነት ማጥመድ አለ ማለት ነው፤ ማጠንጠኛውም እንደዚያው።

የዚህን ወንዝ ዓሣ ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቁት በ1892ና በ1893 በፈረንጅ አቆጣጠር የጁባን ገባሮች የመረመረው ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለ የኢጣልያ መኮንንና ከእርሱ የተላከውን የዓሣ ስብስብ የመረመረው ዴሲዮ ቪንቺጕዌራ ናቸው። ከዓሣዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ በመኮንኑ ስም ላቤዎ ቦቴጊ ይባላል። ይህ ዓሣ ከድንጋይ ላይ አረንጓዴውን ሽበት እየላሰ የሚኖር ስለ ሆነ መንጠቆ የሚውጠው በስንት አንድ ጊዜ ነው። ለአጥማጅ የሚመቹት ሌሎቹ ናቸው፤ ሰፋፊ ቅርፊት ያለውና ትንንሽ ዓሣ የሚያሳድደው ቢልጫ፤ ጢም ያለው ባግሩስ የሚባለው፤ ከሁሉም ይልቅ አምባዛ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ጭንቅላቱ እንደ ጋሻ ጠፍጣፋ ነው፤ ከውኃ ሲወጣም አየር መሳብ ስለሚችል ቶሎ አይሞትም፤ ጉልበቱ ግን ሲይዙት ነው የሚታወቀው።

ብላቴናውን ከዘዋሪው ከበሮ ለይተን ሁለተኛውን፤ ቁጥሩ 3000 የሆነውን ቋሚ ከበሮ ሰጠነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ከአንዱ ኵሬ ሁለት ቢልጫ አወጣ፤ ደስታውም ይህ ነው አይባልም። አጎቱ በመወርወሩ ሲደሰቱ ፍሬኑን ማን እንዳጠበቀው የመረመረ ሰው አልነበረም፤ ልጁ ዓሣ እንዳያመልጠው ብሎ እስከ መጨረሻው አጥብቆት ኖሯል። በዚያ ሰዓት ታላቅ አምባዛ ያዘ። ዓሣው ቁልቁል ወደ ጥልቁ ሲሄድ ማጠንጠኛው አንዲት ስንዝር እንኳ ክር አልለቅ አለ፤ ዘንጉ እስከ እጀታው ጐበጠ፤ ብላቴናውም ዘንጉን ላለመልቀቅ ዓሣውን ተከትሎ በአሸዋው ላይ አንድ ርምጃ፤ ሁለት ርምጃ እያለ ወደ ውኃው ወረደ። ውኃው ከቍርጭምጭሚቱ በላይ ደርሶ ነበር።

በዚያ መሻገሪያ ከብቶቻቸውን ሊያጠጡ የወረዱ አንድ የቦረና ሽማግሌ በዛፍ ሥር ተቀምጠው ያዩን ነበርና፤ ይህን ባዩ ጊዜ በትራቸውን ጥለው ተነሥተው ጮኹ። ከእኛ መካከል ኦሮምኛ የሚያውቀው ባልንጀራችን ቃላቸውን ሳይጨርሱ ሮጦ ልጁን በወገቡ ይዞ ወደ ኋላ ሳበው፤ ክሩንም በቢላዋ ቈረጠው። ሽማግሌው ኋላ ቀስ ብለው እንዳስረዱን አዞ የሚያደባው ሰው በሚታጠብበትና ከብት በሚጠጣበት በዚያው ስፍራ ነው፤ ከብቱ በየቀኑ በአንድ ቦታ መውረዱን አዞውም ያውቃል። በዚያ ሰዓት አዞ አላየንም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ከማዶው አሸዋ ላይ ግንድ የመሰለ ነገር ተንቀሳቅሶ ወደ ውኃው ገባ፤ ብላቴናውም አይቶ ቀለሙ ተለወጠ።

እንግዲህ ስለ ፍሬን በሰፊው እንናገራለን፤ ቤተ ሰብ ይዞ ወደ ውኃ የሚወርድ ሁሉ ከሌላው ነገር በፊት ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነውና። በማጠንጠኛው ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ ስስ ሰሌዳዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይገኛሉ፤ ከፊሉ ብረት ከፊሉ ደግሞ የሱፍ ባዘቶ ወይም የከሰል ጭረት ነው። ከላይ ያለው ብሎን ሲጠብቅ ይጫናቸዋል፤ ሲላላ ይለቃቸዋል። ዓሣው ከልኩ አብልጦ ሲስብ ሰሌዳዎቹ ይንሸራተቱና ከበሮው ዞሮ ክር ይለቅቃል። መልካም ፍሬን የሚለየው በጥንካሬው አይደለም፤ ሲጀምር ሳይነጥቅ እንደ ቅቤ ተንሸራትቶ በመልቀቁ ነው። የሚነጥቅ ፍሬን ክርን በመጀመሪያው ቅጽበት ይበጥሳል። ይህን በሱቅ ውስጥ መፈተን ይቻላል፤ ፍሬኑን በመካከለኛ አጥብቆ ክሩን በእጅ ቀስ ብሎ መሳብ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ እንደ ሆነ መሣሪያው ቢያብረቀርቅም ለሻጩ ይመለስ።

ልኩ ስንት ነው ቢባል፤ ፍሬኑ መልቀቅ ያለበት ክሩ ከሚበጠስበት ክብደት ከአራት አንድ እጅ፤ ቢበዛም ከሦስት አንድ እጅ ሲደርስ ነው። ውፍረቱ 0.30 ሚሊሜትር የሆነ ናይሎን 7 ኪሎ ያህል ይችላል ብንል፤ ፍሬኑ በ2 ኪሎ ገደማ ሊለቅቅ ይገባል። ይህን በግምት ከማድረግ በገበያ የሚገኘውን የምንጠላጠል ሚዛን ከክሩ ጫፍ አስሮ ዘንጉን ቀና አድርጎ መሳብና ቁጥሩን ማንበብ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ይታሰብ፤ ዓሣው ብዙ ክር ወስዶ በከበሮው ላይ ያለው ጥቅል ቀጥኖ በግማሽ ሲያንስ፤ ፍሬኑ ሳይነካ ጭነቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዓሣው በራቀ ቍጥር ማጥበቅ የሚመስለን ነገር ስሕተት ነው፤ ይልቁንም ጥቂት ማላላት ይገባል። ደግሞ ፍሬኑ እየለቀቀ ሳለ የቋሚውን ከበሮ መዘውር ማዞር አይገባም፤ ክር አይገባም፤ ይልቁንም በየዙሩ ይጠመዘዝና በሚቀጥለው ውርወራ ይተበተባል።

ለብላቴናው ፍሬኑን በሚዛን ለክተን ከሰጠነው በኋላ ከውኃው ጠርዝ አምስት ርምጃ ርቆ እንዲቆም አዘዝነው፤ ከዚያም ወዲያ የያዘው አምባዛ ሁለት ጊዜ ክር እያስለቀቀ ሮጠ፤ ድምፁም ጥር ጥር ይል ነበር፤ በመጨረሻው ደክሞ እየተንከባለለ ወደ አሸዋው መጣ። ልጁ ከቆመበት አንዲት ርምጃ አልተንቀሳቀሰም።

ዓሣውን ለሽማግሌው ብናቀርብላቸው እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑንና አልተቀበሉንም። በጥንቱ ልማድ ቦረና ዓሣ አይበላም፤ ሀብቱም ክብሩም ከብት ነው። ዳሩ ግን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናም ወቅቶች ተከታትለው በቀሩ ጊዜ ከብቱ በየሜዳው አለቀ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ባዶ በረት ይዞ ቀረ። ሽማግሌው ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩን ዐይናቸውን ከወንዙ ላይ አላነሡም። ከእርሳቸው ከብቶች የተረፉት በእጅ ጣት የሚቈጠሩ እንደ ነበሩና፤ ከልጆቻቸው አንዱ በዚያ ወራት ከመንገድ ሠራተኞች ጋራ ዓሣ መብላት እንደ ለመደ፤ እርሳቸውም ሰምተው ዝም እንዳሉት ነገሩን። ከዚያም የብላቴናውን ማጠንጠኛ ተቀብለው መዘውሩን አንድ ሁለት ጊዜ አዞሩና ዋጋውን ጠየቁ፤ ነገርናቸው፤ ለልጃቸው የሚበቃው ከአራቱ የትኛው እንደ ሆነ ጠየቁን።

ይህ ጥያቄ ስለ ማጠንጠኛ ከሰማነው ጥያቄ ሁሉ የሚበልጥ መስሎ ታየን። ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው ቢሳሳት የሚጐድልበት ደስታው ነው፤ ለእራት የሚያጠምድ ግን መሣሪያው በሁለት ወር ሲሰበር የሚጠግንበት ሱቅ ከያቤሎ ወይም ከነገሌ ወዲህ አያገኝም። ስለዚህ እውነተኛውን ነገርናቸው። ከሁሉ የሚሻለው ምንም ማጠንጠኛ የሌለበት ነው፤ በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቅ ዳር ልጆች እንደሚያደርጉት 50 ሜትር ያህል ወፍራም ክር በለሰለሰ እንጨት ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ጠቅልሎ፤ መንጠቆና እርሳስ አስሮ በእጅ መጣል ነው። ጠርሙሱን አፉን ወደ ውኃው አዙረው ቢይዙት ክሩ በጫፉ በኩል ስለሚወጣ ያው የኢሊንግዎርዝ ጥበብ ነው፤ ፍሬኑም የሰው ጣት ነው፤ እጅን እንዳይቈርጥ በጨርቅ መያዝ ብቻ ያስፈልጋል። ሽማግሌው ሣቁና፤ ይህስ የእኛው ሥራ ነው አሉ። በቦረና ጥልቅ ጕድጓዶች ዘንድ፤ ቱላ በሚባሉት፤ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በየደረጃው ቆመው የውኃ መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ በዜማ እንደሚያወጡ ለማያውቅ አንባቢ እናስታውቃለን። አንዱ ቢቸኩል ወይም ቢዘገይ ውኃው ይፈሳል፤ የተራውን ሥርዐት የሚጠብቅ አባ ሄሬጋ የሚባል ሹም አለ። ክርን በእጅ በልክ መልቀቅና መያዝ ለእንዲህ ያለ ሰው አዲስ ትምህርት አይሆንበትም። ከያዝነው ክር 50 ሜትር ለክተን ከአምስት መንጠቆ ጋራ ለልጃቸው ላክንለት፤ ዓሣውን ደግሞ ከድልድዩ ወዲያ የሰፈሩ ሠራተኞች ወሰዱት።

ሌሎቹ ሁለት ማጠንጠኛዎች በዳዋ ሥራ አላገኙም፤ የታሰቡት ለሌላ ውኃ ስለ ሆነ አልታዘብናቸውም። አንደኛው ለዝንብ መሳይ መንጠቆ የሚሆን ቀላል ማጠንጠኛ ነው። በዚህ ዓይነት የሚወረወረው መንጠቆው ሳይሆን ወፍራሙ ክር በራሱ ክብደት ነው፤ ክሩንም የሚፈታው የአጥማጁ ግራ እጅ ነውና ማጠንጠኛው ከማከማቸት በቀር ብዙ አይሠራም፤ ውድ መግዛት አያስፈልግም። ቦታውም የባሌ ተራራ ነው። በዌብና በዳንካ ወንዞች ውስጥ በ1960ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ከኬንያ የመጣ ትራውት የሚባል የብርድ ውኃ ዓሣ ተለቅቆ እስከ ዛሬ ይገኛል። የሚያስገርመውም የዌብ ውኃ ኋላ ወርዶ ከገናሌ ጋራ የሚቀላቀል ስለ ሆነ፤ በባሌ ብርድ በዝንብ የሚጠመድበትና በዳዋ ሐሩር በሥጋ የሚጠመድበት ውኃ በዶሎ አጠገብ አንድ ይሆናል።

የብላቴናው ወርቅማ ዘዋሪ ከበሮም የተናቀ አይደለም። ከያቤሎ በኮንሶ አድርጎ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው ጫሞ ሐይቅ ይደርሳል፤ በዚያ ያለው ነጭ ዓሣ ሲያድግ ክብደቱ ከሰው የሚስተካከል ነው። ለእርሱ ከጀልባ ላይ ከባድ እርሳስ ወይም በመዳፍ ልክ የሆነ የዓሣ ምስል ይጣላል፤ ክሩ ወፍራም፤ ርዝመቱም ከ200 ሜትር የማያንስ ሊሆን ይገባል። እዚያ ቋሚውን ትንሽ ከበሮ ይዞ መውረድ በበቅሎ ፋንታ አህያ ጭኖ እንደ መዝመት ነው። ለሕፃናት ደግሞ ክዳን ያለው ማጠንጠኛ አለ፤ ክሩ በጐድጓዳ ክዳን ውስጥ ተሸፍኖ በመካከሉ ቀዳዳ ይወጣል፤ ልጁ በአውራ ጣቱ ቍልፍ ተጭኖ ሲወረውር ይለቀዋል፤ ሌላ ጥበብ የለበትም። ይህን ዓይነት በ1949 በአሜሪካ ለገበያ ያወጣው ኩባንያ ቀድሞ ለነዳጅ ጕድጓድ ፈንጂ የሚሠራ ነበር። ለ8 ዓመት ልጅ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ከዚያ በላይ ላለ ግን ክሩ በክዳኑ ውስጥ ሲታነቅ ስለማይታይ አንመክረውም።

እንግዲህ አንድ ብቻ ግዙ ብንባል፤ በዳዋም በገናሌም በስምጥ ሸለቆው ትንንሽ ሐይቆችም የሚያገለግለው ቁጥሩ 3000 ወይም 4000 የሆነ ቋሚ ከበሮ ነው። ክሩ ከከበሮው ከንፈር ሁለት ሚሊሜትር ያህል እስኪቀረው ይሞላ፤ ከዚያ ቢያንስ ክሩ ከንፈሩን እየታከከ ውርወራው ያጥራል፤ ቢተርፍም ዙሩ በአንድነት እየወደቀ ይተበተባል። መዘውሩን ነክቶ ወደ ጎን የሚወዛወዝ መሆኑን መመልከት፤ የሽቦዋ ቅስት ስትዘጋ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠቷን መስማት፤ ክሩ የሚያልፍባትን ትንሽ ተሽከርካሪ ቀለበት በጣት ማዞር ያስፈልጋል፤ የማትዞር እንደ ሆነች ክሩን በአንድ ቀን ትበላዋለች። ለሹማምንት ደግሞ ማስታወስ የሚገባን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 መውጣቱን ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸው ደንብ አላቸውና ማጠንጠኛ ከመግዛት በፊት በየወረዳው የግብርና መሥሪያ ቤት ስለ ፈቃድ መጠየቅ ክብርን ይጠብቃል፤ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይልቁንም።

ከመልካ ጉባ ተነሥተን አሬሮ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። አገሩ ከወንዙ በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ከበረሃው መካከል የጥድ ጫካ ተነሥቶ ሲያዩት እንግዳ ነገር ነው። ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለው የኢጣልያ መስፍን በ1893 በፈረንጅ አቆጣጠር በደቡብ አገራችን ዝሆን በገደለው ጊዜ፤ ከጓዙ መካከል ነጭ ጕትያ ያላት የአንዲት ወፍ ቆዳ ተገኘ፤ ከየት እንደ ያዛት ግን አልጻፈም ነበር። ሊቃውንት ከ50 ዓመት ያህል በኋላ በዚሁ በአሬሮ ጫካ ዳግመኛ አገኟት። እኛ ሌሊት ደርሰናልና አላየናትም።

ከእራት በፊት ማጠንጠኛዎቹን ፈታን። የዳዋ አሸዋ ደቃቅ ነው፤ በጥርሶቹ መካከል ገብቶ እንደ ሞረድ ያደቃቸዋል። እርጥብ ጨርቅ ጨምቀን ከውጭ ያለውን ጠረግን፤ በብርቱ ውኃ ማጠብ አሸዋውን ወደ ውስጥ ይገፋዋልና አላደረግነውም። በመዘውሩ መቀመጫና በተሽከርካሪዋ ቀለበት ላይ አንዳንድ ጠብታ ዘይት አደረግን፤ ፍሬኑ ዘይት የነካው እንደ ሆነ መያዝ ስለሚተው ወደ እርሱ አላስጠጋነውም። ብላቴናው ቀኑን ሙሉ የሠራበትን ክር የመጀመሪያውን 10 ሜትር በጣቱ እየዳሰሰ ቢሄድ ሦስት ቦታ ተፍቆ አገኘውና ቈርጦ ጣለው፤ ከወንዝ ዳር እንዳንተወው ብሎ ያመጣውንም ቍርጥራጭ ክር ወፍና ጥጃ እንዳይጠላለፍበት አብሮ አቃጠለው። በመጨረሻው የሁሉንም ፍሬን አላላ፤ ተጠብቆ ያደረ ፍሬን ሰሌዳዎቹ ተጣብቀው በነጋታው ይነጥቃልና። አራቱንም በደረቅ ጨርቅ ጠቅልሎ በኮሮጆ ከተታቸው፤ እኛም በማግሥቱ የያቤሎን መንገድ ያዝን።